ሰም፣ ጠፍር፣ እንቁላልና የኑግ ዘይት፦ የትኛው ጥገና ዓባይ በረሃ ይወርዳል?

ጥያቄው ከደብረ ወርቅ አካባቢ የመጣ ነው። ጠያቂው እ.ኤ.አ. የ1986 ስሪት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 2ኤች የናፍጣ ሞተር ያለው የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አላቸው። እንዲህ ብለዋል፦

«እህልና ማር እጭንበታለሁ። መለዋወጫ ስለሚርቀኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ባገኘሁት ነገር ስጠግን ኖሬአለሁ። ራዲያተሩ ሲያንጠባጥብ እንቁላልና አንድ እፍኝ ተልባ ጨመርሁበት፤ ማንጠባጠቡ ቆመ። ቆይቶ ሞተሩ መሞቅ ስላበዛ ተርሞስታቱን አውጥቼ ጣልሁት፤ ሙቀቱ ግን አልቀነሰም። የነዳጅ ታንኩን ስንጥቅ በሰም ደፍኜዋለሁ፤ እየላላ ያስቸግረኛል። የኋላ ግራ ባሌስትራ (ንጣፍ ብረቶች የተደራረቡበት ስፕሪንግ) ተሰብሮ በእርጥብ ጠፍር አስሬዋለሁ። ችንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ሲበጠስ ከጎማ ካላማዳሪ በቆረጥሁት ጥብጣብ ዲናሞውን ዘልዬ የውኃ ፓምፑን ብቻ አዞርሁ፤ ባትሪውን ወፍጮ ቤት ቻርጅ አስደርጋለሁ። መሪው ዘንግ ላይ በጠፋው ኮፒሊያ (የዳዶ መቆለፊያ ሽቦ) ፈንታ ሚስማር አለ። የፍሬን ዘይት ሲጎድል ደግሞ የኑግ ዘይት ሞላሁበት፤ ፔዳሉ ጠንከር ብሎ እንደ አዲስ ሆነልኝ። አሁን ክረምቱ ሳይገባ ማርና ጤፍ ጭኜ በደጀን በኩል አዲስ አበባ መግባት እፈልጋለሁ። የትኛውን ልቀይር? የትኛው እንዳለ ይሂድልኝ?»

ከፔዳሉ ልጀምር፤ ጽሑፍዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ፔዳሉ የጠነከረው የኑግ ዘይቱ ተስማምቶት አይደለም። ዲናሞውን ከሥራ ስላወጡት ነው። በእርስዎ ሞተር ላይ፣ እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ ከዲናሞው ጀርባ አንዲት ትንሽ ድብልብል ፓምፕ ተለጥፋለች። ሥራዋ አየር መሳብ ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ለፍሬን ማገዣው የሚያስፈልገውን ቫኪዩም፣ ማለትም አየር የመሳብ ኃይል፣ ከራሱ ትንፋሽ ያገኛል፤ የናፍጣ ሞተር ይህ ስለሌለው ፓምፕ ተሠራለት። ዲናሞው ሲዞር እሷም ትዞራለች፤ ከፔዳሉ ፊት ለፊት ኮፈኑ ሥር የሚታየውን ድስት የሚያህል ክብ ቆርቆሮ፣ ማለትም የፍሬን ማገዣውን፣ አየሩን ትመጥጥለታለች፤ እሱ ደግሞ እግርዎን ያግዛል። የጎማ ጥብጣብዎ ዲናሞውን ሲዘል ይህ ሁሉ ቆመ። እንደ አዲስ ሆነልኝ ያሉት ፔዳል አጋዡን ያጣ ፔዳል ነው፤ ጠጣር የሆነው እግርዎ ብቻውን ስለሚገፋው ነው።

ካላመኑኝ አሁኑኑ ይፈትኑት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ። ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሡ። ማገዣው ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል። የእርስዎ እንደ ድንጋይ ባለበት ይቀራል። ይህችን ፈተና አይርሷት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የኑግ ዘይቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። በፍሬን መስመሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏቸው፣ የተሠሩት ግላይኮል ለሚባል ፈሳሽ ነው። «የፍሬን ዘይት» ስንለው ስሙ አሳስቶን እንጂ ዘይት አይደለም። የምግብ ዘይትም ሆነ የሞተር ዘይት ሲነካቸው እነዚያ ጎማዎች ሌሊቱን ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ያብጣሉ። ዋናው የፍሬን ፓምፕ ውስጥ መርፌ የማታሳልፍ የምትመስል ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ እግርዎን ሲያነሱ ፈሳሹ ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃው የሚመለሰው በእሷ ነው። ያበጠው ጎማ ቀዳዳዋን ሲሸፍናት ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፤ ሸራው (የፍሬኑ መያዣ ሽፋን) ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ሳይለቅ እየታከከ ይጓዛል። ፍሬኑ የማይለቅ መኪና ሾፌሩን ደስ ይለዋል፤ «አጥብቆ ይይዛል» ይላል። ከአሥር ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ የእጅዎን ጀርባ ወደ ቸርኬው ጠጋ ያድርጉ፤ ሳይነኩት ሙቀቱ ቢገርፍዎ ጎማዎቹ አብጠዋል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ኑግ ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ አይደለም። የሳሙና ውኃ የሚሞሉ አሉ፤ አረቄ የሚሞሉም አሉ። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። አረቄ ከዚያም ቀድሞ ይፈላል። ተራው ዶት 3 የፍሬን ፈሳሽ ደግሞ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ መቻል አለበት። ልዩነቱ ቁልቁለት ላይ ነው የሚታየው። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ የፈላ መስመር ያለው ፔዳል እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። አንድ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የአንድ ፒክአፕ የአየር ማስወጫ ብሎን ስፈታ የወጣው ፈሳሽ ሳይሆን ነጭ አረፋ ነበር፤ ሽታውም ወንዝ ዳር የተሰጣ ልብስ ሽታ። ሾፌሩ አጠገቤ ቆሞ «መንገድ ላይ ሁለቴ ሰምጦብኝ ሦስተኛው ላይ ያዘልኝ» አለኝ። እንደ ገድል ነበር የሚያወራው።

እስቲ ቁልቁለቱን እናስላው። ጭነት ይዞ መኪናዎ 3,000 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያንን ከፍታ ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ያሞቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ሞተሩ በከባድ ማርሽ ሊውጠው ይችላል፤ የቀረውን አራቱ ታምቡሮችና ዲስኮች፣ የተቀረቀረውም ሸራ፣ ያበጠውም ጎማ፣ የእርስዎም ኑግ ይካፈሉታል።

እንግዲህ የመላ ጥገናን ሁሉ የማጣራበት ጥያቄ አንድ ነው፤ መላው ሲከዳ መኪናው ይቆማል ወይስ መቆም ያቅተዋል? የሚያቆመውን ዓይነት እኔም እሠራለሁ፤ ሠርቼም ቤቴ ገብቻለሁ። መቆም የሚያሳጣውን ግን በግቢዎ ውስጥ እንኳ አይንዱበት። የእርስዎን ዝርዝር በዚህ ስመዝነው ከጠየቁት አንዳንዱ ከገመቱት ይሻላል፣ ሌላው ደግሞ በጣም ይብሳል።

ችንጋው ለምሳሌ በራሱ ሲታይ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ተበጥሶ ቢቀር ሞተሩ ይሞቃል፣ ይቆማሉ፣ ያስራሉ፣ ይቀጥላሉ። ፍሬኑን ይዞ ስለሄደ ነው ወደ ሁለተኛው የተሻገረው። የጎማው ጥብጣብ ለምን እንደሚንሸራተት ደግሞ ይወቁት። እውነተኛ ችንጋ ፑሊው ላይ የሚይዘው በግራና በቀኝ ጎኑ ነው፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እንደ ሽብልቅ ይወተፋል እንጂ ወለሉን አይነካም። ካላማዳሪ፣ ናይሎን ገመድ፣ የተገመደ የሴት ስቶኪንግ ሁሉ የሚያርፉት ወለሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ፈጠን ሲል ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ያረራሉ። ለጥቂት ኪሎ ሜትር፣ በዝግታ፣ መብራት ሳያበሩ ይሠራሉ። ሁለት ዓመት ግን አይሠሩም፤ የእርስዎ እስከ ዛሬ መቆየቱ ራዲያተሩን እንዴት እያበረደው እንደሆነ እንድጠራጠር ያደርገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስገርሞኛል። ባትሪዎን የሚያስሞሉት ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮውን የሚያዞረው ምን ይመስልዎታል? ያው ባለ ሽብልቅ ችንጋ ነው። 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና ኤ የሚባለው የፋብሪካ ችንጋ ለብዙ የቆዩ መኪኖች ፑሊ በቂ ሆኖ ይገጥማል። ሲባጎ ወስደው በሞተሩ ፑሊ፣ በውኃ ፓምፑና በዲናሞው ዙሪያ ያዙሩ፤ ርዝመቱን ለክተው የወፍጮ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ይሂዱ። ሲገጥሙት በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። የመኪናው የራሱ ችንጋ እስኪገኝ ከማንኛውም ጎማ ይሻላል፤ ዋናው ነገር ደግሞ ዲናሞውን ከነፓምፗ ይመልስልዎታል። ዲናሞው ራሱ ተበላሽቶ አሮጌ የሚገዙ ከሆነ ያለ ቫኪዩም ፓምፕ የመጣውን አይቀበሉ። ወደ ፓምፗ የሚሄደውን የዘይት መስመር ደፍነው ፓምፕ የሌለውን ዲናሞ የሚገጥሙ አሉ፤ መብራቱ ይበራል፣ ባትሪው ይሞላል፣ ሰውየው ግን የፍሬን ማገዣ እንደሌለው አያውቅም።

ወደ ራዲያተሩ ስንመጣ እንቁላሉን አልነቅፍም። ነጩ ክፍል ከ60 ዲግሪ በላይ መርጋት ይጀምራል፤ የፈላው ውኃ ወደ ስንጥቁ ሲወስደው እዚያው ይጋገራል። ለትንሽ ቀዳዳ፣ ለአንድ ቀን ጉዞ፣ እሠራበታለሁ፤ በማግስቱም አጥቤ አወጣዋለሁ። ተልባው ግን ያጠፋው ከደፈነው ይበልጣል። ተልባ ውኃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። ያ ልጥልጡ የተሰነጠቀውን አንድ ቱቦ መርጦ አይደፍንም፤ ሁሉንም ይደፍናል። የራዲያተር ቱቦ ውስጡ እንደ ገለባ የጠበበ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ከዚያ በኋላ መሞቅ የጀመረው በራሱ ጊዜ አይደለም። በሽታው የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሁለተኛ መድኃኒት ጨመሩበት፣ ተርሞስታቱን አወጡት። «ተርሞስታት ለቀዝቃዛ አገር ነው፣ እዚህ አያስፈልግም» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ በየጋራዡ ግን ይሰማል። ብዙዎቹ የቶዮታ ተርሞስታቶች ሁለት ሥራ አላቸው። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ሲከፍቱ፣ ውኃው ሳይበርድ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋሉ። ተርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ውኃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ በተልባ በተዘጋ መንገድና በክፍት አቋራጭ መካከል ምርጫ ካለው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ሞተሩ የራሱን ሙቅ ውኃ እየደጋገመ ይጠጣል። ሜዳ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ዳገት ላይ ያያሉ።

ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በመዳፍዎ ከላይ እስከ ታች ጠጋ እያሉ ይፈትሹ። ሙሉው ለብ ካለ ደህና ነው፤ እዚህም እዚያም ቀዝቃዛ ቦታ ካገኙ እዚያ ውኃ አያልፍም። የዚያ ዘመን ራዲያተር የመዳብና የነሐስ ስለሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ላይኛውን ክዳን ባለሙያ ይፈታዋል፣ ቱቦዎቹን በቀጭን ሽቦ ይጠርጋል፣ ስንጥቁን በስታኞ ይበይዳል፣ መልሶ ይገጥመዋል። አዲስ መግዛት አይጠበቅብዎትም። መንገድ ላይ ሆነው ማንጠባጠብ ከጀመረ ከሚበላ ነገር ሁሉ በፊት የሚሞከር አንድ ነገር አለ፤ ሞተሩ ከበረደ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን እስከ መጀመሪያው እርከን ብቻ ማላላት። ግፊቱ ሲቀንስ ማንጠባጠቡም ይቀንሳል። ገደቡን ግን ይወቁ፦ ክዳኑ በሚገባ ሲይዝ ደጀን ከፍታ ላይ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል፤ ሲላላ ወደ 92 ይወርዳል። በዝግታ፣ በሜዳ፣ ባዶ መኪና እንጂ የዓባይን ዳገት በላላ ክዳን የወጣ ሰው አላየሁም። የጋለ ክዳን መክፈት ፊት እንደሚያቃጥል፣ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) እንደሚሰነጥቅ አንባቢ ሁሉ ያውቃል ብዬ አልፋለሁ።

ታንኩ ላይ ያደረጉት ደግሞ ልብ ይነካል፤ ማር አምራች ሰው ስንጥቅ ሲያይ እጁ ወደ ሰም ቢሄድ አይፈረድበትም። ሰም ውኃን ይከላከላል፤ በናፍጣ ግን ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ በቤንዚንማ ይፈጥናል። እየላላ ያስቸገረዎት ለዚህ ነው፤ የሟሟውም የትም አልጠፋም፣ ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ሄዷል። ማጣሪያውን ይቀይሩ። ለዚህ ሥራ የተፈጠረው ደረቁ የልብስ ሳሙና ነው። ሳሙና ከውኃ ጋር ይስማማል፣ ከነዳጅ ጋር አይስማማም፤ ለዚህ ነው የማይሟሟው። ስንጥቁን በጨርቅ ያድርቁ፣ ቆሻሻውን ይፋቁ፣ ሳሙናውን ውኃ ሳያስነኩ እየፈገፈጉ ወደ ውስጥ ያስገቡት። በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ሳይሆን እንደ ጭቃ ጠጠር ብሎ መቀመጥ አለበት። በላዩ ላይ የካላማዳሪ ቁራጭ አድርገው በጥብጣብ ይጠፍሩት። በበጋ ሳምንታት ይቆያል። ሰኔ ሲገባና የዋልካው ጭቃ ከሥር ሲረጨው ግን ከውጭ በኩል ይታጠባል፤ ስለዚህ ሳሙናም የበጋ መላ ነው።

ስለ ብየዳ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ይህን በሙሉ ድምፄ ነው የምለው። ነዳጅ የነበረበትን ታንክ «ባዶ ነው» ብሎ የሚበይድ በያጅ ጋር አይውሰዱት። የሚፈነዳው ነዳጁ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ባዶ ታንክ ደግሞ በትነት የተሞላ ነው። ናፍጣም በብየዳ እሳት ሲግል ይተናል፤ ናፍጣ ነው ተብሎ አይቀለድበትም። ታንኩ ከመኪናው ወርዶ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ተደጋግሞ ታጥቦ፣ ሲበየድም እስከ ስንጥቁ አቅራቢያ ውኃ ተሞልቶ እንጂ በሌላ መንገድ አይሠራም። ናፍጣውን ሲያወጡም በአፍ አይሳቡት። አንድ ጉንጭ ወደ ሳንባ ከገባ ሆስፒታል ያስተኛል፤ ወተት መጠጣትም አያድንም።

ባሌስትራውን በጠፍር ያሰሩት እጅዎን እንዳመሰግን አድርጎኛል። ገበሬው ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር በምራን የሚያስረው ጅል ስለሆነ አይደለም፤ እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሽቦ በመጠምዘዝ የማያገኘውን ጭብጥ ያገኛል። ግን የትኛው ንጣፍ እንደተሰበረ አልነገሩኝም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከሆነ፣ ከወይራ እንጨት ጠርቦ ከጎኑ ማገዣ ማድረግና በጠፍር ማሰር እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል፤ ጭነቱን ቀንሶ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳያልፉ። ሁለቱ ጫፎቹ ተጠቅልለው ሻሲው ላይ የሚያዙት ዋናው ንጣፍ ከሆነ ግን አክሰሉን በቦታው የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ሲለቅ የኋላው አክሰል ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ መኪናው እንደ ሸርጣን ይሄዳል። ጠፍር ይህን አይዝም። ደግሞስ ጠፍር እርጥበት ሲነካው ተመልሶ ይለሰልሳል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

የተሰበረውን ንጣፍ «በብየዳ አያይዝልሃለሁ» የሚል ካጋጠመዎት ያመስግኑትና ይሂዱ። የባሌስትራ ብረት በሙቀት ተቀርጾ የተሠራ ብረት ነው፤ የብየዳው እሳት ያንን ጥንካሬ ከአጠገቡ ይወስደዋል፣ በሳምንቱ ከብየዳው ጎን ጣት በሚያህል ርቀት ይሰበራል። ከአሮጌ መኪና የወጣ፣ ስፋቱና ውፍረቱ የሚመሳሰል ንጣፍ ደብረ ማርቆስ ፈልጎ መቁረጥ ይሻላል።

ሚስማሩ? እዚህ ላይ ምናልባት ይገረሙ ይሆናል። መሪ ነው፣ ሲከዳ መቆም የሚያሳጣ ነው፤ ቢሆንም ሚስማሩ ራሱ ሸክም የለበትም። ሸክሙን የሚችለው ዳዶው ነው፤ ኮፒሊያው ዳዶው እንዳይዞር ብቻ ነው የሚጠብቀው። ቀዳዳውን ሞልቶ የገባ፣ ሁለቱም ጫፎቹ የታጠፉ ለስላሳ ሚስማር ለአንድ ጉዞ ይህን ሥራ ይሠራል። ቀጭን ሽቦ ግን አይሠራም፣ የሚንቀጫቀጭም ሚስማር አይሠራም። ይህን ስል እንዲተዉት አይደለም። ኮፒሊያ ከሻይ ዋጋ ብዙ አይበልጥም፤ ለዚህ ምክንያት መፈለግ ነውር ነው። ሁለቱንም ጎኖች ይቀይሩ፣ ዳዶውንም አንድ ጊዜ ያጥብቁት።

ስለ ፊውዝ አልጠየቁም፤ ግን ይህን ያህል መላ የሠራ ሰው ብርማውን የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ፊውዝ ቦታ ላይ አላስገባም ብሎ ማመን ይከብደኛል። ካለ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ፊውዝ የተሠራው ከሽቦው በፊት እንዲቃጠል ነው፣ የእርስዎ ወረቀት ግን ሽቦውን ያስቀድማል። የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቀዳዳን በድልህ ቆርቆሮና በሽቦ መጠቅለል፣ የባትሪ ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ ሻጋታ በአመድ ውኃ ማጠብና ደርቆ ቫዝሊን መቀባት ግን ጉዳት የለውም፤ ይቀጥሉ።

ቁርጡን ልንገርዎ። መኪናው በዚህ ይዞታው ከደጀን አይለፍ፤ ባዶውንም ቢሆን። ደብረ ማርቆስ ድረስም እየነዱ አይውሰዱት፤ መካኒኩ ወደ መኪናው ይምጣ። የፍሬን ሥራ ጠፍጣፋ ግቢና ንጹሕ ጨርቅ ካለ የትም ይሠራል። ኑግ የነካቸው ጎሚኒዎች ሁሉ፣ የዋናው ፓምፕም የየጎማዎቹም፣ ተለዋዋጭ የጎማ ቱቦዎቹም ጭምር ይጣሉ፤ ታጥበው አይመለሱም፣ ያበጠ ጎማ አይከሳም። የብረት መስመሮቹ በአዲስ የፍሬን ፈሳሽ ሁለት ጊዜ ይታጠቡ፤ የወጣው አይመለስ። «ዋናውን ፓምፕ ብቻ እንቀይር፣ የኋላዎቹ ይቆዩ» የሚል መካኒክ ገንዘብዎን ቆጥቦልዎት ሳይሆን ሥራውን ለሁለት ወር አስተላልፎልዎት ነው። በዚያው ዕለት ችንጋውና ዲናሞው ይመለሱ። ከዚያ ራዲያተሩና ተርሞስታቱ አንድ ላይ፤ አንዱን ብቻ መሥራት ዋጋ የለውም። ባሌስትራው ይከተላል። ታንኩ በሳሙና እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ እዚያ አጥበው ያስበይዱት። ክረምቱ ከቀደመዎት ማሩን በአይሱዙ ይላኩት፤ ማር አይበላሽም።

መኪናው ሲጠናቀቅና ሲወርዱ አፋፉ ላይ ቆመው ማርሹን ያስገቡ፤ ቁልቁለቱን ዳገት ቢሆን ኖሮ በስንተኛ ማርሽ ይወጡት ነበር? በዚያው ይውረዱ። ካምቢዮው ይጩህ፣ ፍሬኑ ይረፍ። ፔዳሉን ቀጥ አድርገው ይዘው አይቆዩ፤ ረገጥ አድርገው ፍጥነቱን ይሰብሩና ይልቀቁ። የሸራ ማረር ከሸተተዎት ሰፊ ቦታ ላይ ይቁሙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገቡ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ ውኃ ግን አይድፉበት፣ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ደጀን ላይ ሻይ ጠጥተው ሲነሡ፣ መጀመሪያ ያልኳትን ፈተና ይድገሟት። ሞተር ጠፍቶ አምስት ጊዜ ይርገጡ፣ ይዘው ያስነሡ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ካለ ይውረዱ። ካላለ ደጀን ሆቴል አለ፤ አልጋ ይያዙ።